የቋንቋ ፈተና ሲታሰብ የሠራተኛው ጡረታም ይታሰብ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2016 ዓ.ም. ለሠራተኞቹና ለኃላፊዎቹ የብቃት ምዘና ፈተና ከሰጠ ወዲህ ነገሩ የዋና ከተማው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። እዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የመንግሥት ሠራተኛ ለቡና በተቀመጠበት ሁሉ «እኛስ ዘንድ መቼ ይደርስ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ከጥያቄው ጋር ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ተያይዞ ይመጣል፤ እርሱም ቋንቋ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ደንግጓል፤ በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም ከአማርኛ በተጨማሪ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ መንገድ ከፍቷል። አንድ ቋንቋ የሥራ ቋንቋ ይሁን ከተባለ፣ ቋንቋውን የሚችለውና የማይችለው ሠራተኛ የሚለይበት መንገድ ዛሬ ባይሆን ነገ መምጣቱ አይቀርም። ፈተናው ሳይመጣ፣ መመሪያውም ሳይረቀቅ፣ ብዙ ሰው ልብ ያላለው መስሎ ስለታየኝ አንድ ነጥብ ለመጻፍ ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። ነጥቡ የፈተናው ውጤት በሠራተኛው ጡረታ ላይ ስለሚያደርሰው ነገር ነው።

ደሴ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሠራተኛ አስተዳደር፣ ስሙ ኋላ ተለውጦ በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ ቆይቼ በጡረታ የተገለልሁ ሴት ነኝ። የቅጥር ማስታወቂያ ጽፌአለሁ፣ የደረጃ እድገት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የብዙ ሰው የጡረታ ፎርም በእጄ ሞልቼ ልኬአለሁ። ስለዚህ ፈተናና ጡረታ በሁለት የተለያዩ ጠረጴዛዎች ላይ የሚታዩ፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚፈርሙባቸው ጉዳዮች ቢሆኑም፣ በሠራተኛው ሕይወት ላይ ግን የት ቦታ እንደሚገናኙ አውቃለሁ።

በመጀመሪያ የቋንቋ ችሎታ መጠየቁ ትክክል ነው ብዬ እንደማምን ልናገር። ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ወደ ደሴና ወደ ባቲ የሚከፈልባት ከተማ ናት። ወደ ደቡብ ጥቂት ሲኬድ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ይጀምራል፤ ዋና ከተማው ከሚሴ ነው፣ ባቲም የዚሁ ዞን ናት፣ የዞኑም የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ከባቲ አልፎ የሚሄደው መንገድ አፋር ክልል ይገባል። የደሴ ሆስፒታሎች ከእነዚህ አካባቢዎች ሁሉ የሚመጣውን ታካሚ ይቀበላሉ፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ገበያዎችም ከዚያው የሚመጣውን ሠራተኛና ነጋዴ ያስተናግዳሉ። ወሎ ሁለትና ሦስት ቋንቋ በአንድ ቤት ሲነገር መስማት የለመደ አገር ነው። የመንግሥት መስኮት ግን እንደ አገሩ አይደለም።

በአንድ የአገልግሎት መስጫ መስኮት ላይ ደጋግሜ ያየሁትን ልጥቀስ። አንዲት እናት ከቆላው ወገን መጥተው፣ ልጃቸውን በአንቀልባ እንዳዘሉ፣ ወረቀታቸውን በመስኮቱ ያስገባሉ። ከውስጥ ያለችው ሠራተኛ «ስም? ዕድሜ? ቀበሌ?» ትላለች፤ እናት የሚመልሱት በአፋን ኦሮሞ ነው። ሠራተኛዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ያንኑ በአማርኛ ትደግመዋለች፤ ድምፅ ከፍ ሲል ቋንቋ የሚገባ ይመስል። ከኋላ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ይጀምራል። በመጨረሻ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ይጠራል፤ «ጋሼ፣ እስቲ ይምጡልኝ» ትላቸዋለች፤ እርሳቸውም ዱላቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ይመጡና ጎንበስ ብለው የልጁን የትውልድ ዘመን፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረው፣ ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት እንደወሰደ እየጠየቁ ያስተረጉማሉ። ጨርሰው ወደ በራቸው ይመለሳሉ። ይህ ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠሩ የሚመዘግብ የለም፤ በሥራ ዝርዝራቸው ላይ አልተጻፈም፣ በደመወዛቸውም ላይ የለም። የመሥሪያ ቤቱ እውነተኛ የቋንቋ ባለሙያ ግን እርሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ያቺ እናት ስለ ልጃቸው ሕመም የሚናገሩት ነገር በጥበቃ ወይም በጽዳት ሠራተኛ ቸርነት ላይ መንጠልጠሉ ተገቢ ስላልሆነ፣ ከሕዝብ ጋር ፊት ለፊት በሚያገናኙ የሥራ መደቦች ላይ የአካባቢው ቋንቋ ተፈላጊ ችሎታ ሆኖ ቢወጣ እደግፋለሁ። የምጨነቀው መስፈርቱ ማንን፣ መቼና በምን ቅጣት ያገኛል በሚለው ላይ ነው።

የጡረታ ሕጋችን አሠራር ለብዙ ወጣት ሠራተኛ እንግዳ ስለሆነ በአጭሩ ላስረዳ። የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ የሚመለከተው ሕግ ከ1955 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ በየጊዜው እየተሻሻለ፣ በ1995፣ በ2003፣ አሁን በቅርቡ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተተክቶ ዛሬ ላይ ደርሷል። ክልሎች የየራሳቸውን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ያወጣሉ፤ የጡረታው ሕግ ግን አንድ ነው፣ የደሴውንም የጅማውንም ሠራተኛ በአንድ ስሌት ያያል። ሲቪል ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምርለታል። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል። የአበሉ መነሻ 30 በመቶ ነው፤ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ያገለገለ 61.25 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያደርስ ሰው ጥቂት ነው።

ይህ መቶኛ የሚሰላው ሠራተኛው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ባገኘው አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። የክርክሬ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በሙሉ በጥሩ ደረጃ የሠራ ሰው፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዙ ዝቅ ካለ፣ አበሉ የሚለካው በነዚያ በሦስቱ ነው። ሦስቱ ዓመታት ደግሞ ሠራተኛው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ የሚገኝባቸው፣ አዲስ ቋንቋ ተምሮ ለፈተና መቀመጥ እጅግ የሚከብድባቸው፣ ዓይንም ጆሮም ማድከም የሚጀምርባቸው ዓመታት ናቸው። ፈተናው በእነዚህ ዓመታት ላይ ቢያርፍ፣ ውጤቱ የሁለት ሰዓት ውጤት መሆኑ ይቀርና የዕድሜ ልክ ውጤት ይሆናል።

በቁጥር ላሳይ። ለምሳሌ ያህል፣ እኩል ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ሁለት ሴቶች እናስብ። አንደኛዋ በመደቧ ላይ ቆይታ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዟ 12,000 ብር ቢሆን፣ አበሏ በወር 6,600 ብር ይሆናል። ሁለተኛዋ በአምሳ ሰባት ዓመቷ የቋንቋ መስፈርቱን አላሟላሽም ተብላ ደመወዙ 9,000 ብር ወደ ሆነ መደብ ብትወርድና እዚያው ሦስት ዓመት ብትሠራ፣ አበሏ 4,950 ብር ነው። ልዩነቱ በወር 1,650 ብር፣ በዓመት 19,800 ብር ይሆናል፤ በሕይወት እስካለች ድረስ። ጉዳቱ እርሷ ስታርፍም አያበቃም። ሕጉ ለትዳር ጓደኛ የሚሰጠው የተተኪ አበል ከሟች አበል ግማሽ ስለሆነ፣ የአንደኛዋ ባል 3,300 ብር ሲያገኝ የሁለተኛዋ 2,475 ብር ብቻ ያገኛል። በፈተናው አዳራሽ ያልተቀመጠ ሰው የፈተናውን ውጤት በየወሩ ከባንክ ይቀበላል።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የተደረገው የደመወዝ ጭማሪ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አጥብቆታል። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ሲያድግ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ የሚሠራው በአሮጌውና በአዲሱ ደመወዝ ድብልቅ ሆነ። ጭማሪውን ካገኘ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራ ሰው ሙሉ ጥቅሙን ያገኛል፤ አንድ ዓመት ሠርቶ የወጣ አማካዩን ሁለቱ የድሮ ዓመታት ይጎትቱበታል። ስለዚህ ዛሬ በጡረታ ዋዜማ ላይ ላለ ሰው አንድ ተጨማሪ ዓመት ከቀድሞው እጅግ የበለጠ ዋጋ አለው። በዚህ ወቅት ሰውን በፈተና ምክንያት ቀድሞ ማስወጣት፣ ወይም እንዲወጣ መግፋት፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረውን ጭማሪ ከአፉ እንደ መንጠቅ ይሆናል።

«መግፋት» የሚለውን ቃል ሳልመዝን አልጻፍሁትም። ሕጉ 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከመደበኛው የጡረታ ዕድሜ አምስት ዓመት ቀድሞ፣ ማለትም በ55 ዓመቱ፣ በገዛ ፈቃዱ ቢወጣ አበሉን እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ጥሩ በር ነው፤ ለታመመም፣ ለደከመም፣ የራሱን ሥራ መጀመር ለሚፈልግም ይጠቅማል። ነገር ግን ማንኛውም ለውጥ በመጣ ቁጥር አንዳንድ ኃላፊዎች ይህን በር ለመጥረጊያነት ሲያዩት ተመልክቻለሁ። «ለምን በክብርህ አትወጣም?» ይባላል፤ ሰውየውም የተከበረ መስሎት ይፈርማል። በ55 ዓመቱ በሠላሳ ዓመት አገልግሎት የሚወጣ ሰው 55 በመቶ ይዞ ይሄዳል፤ እስከ 60 ቢቆይ 61.25 በመቶ ይሆንለት ነበር፤ በዚያ ላይ አምስት ዓመት ሙሉ ደመወዝ ያገኝ ነበር። ይህን ስሌት ከመፈረሙ በፊት በወረቀት ላይ ጽፎ የሚያሳየው ሰው ሁልጊዜ አያገኝም።

መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ በተካሄደበት ጊዜ በሰው ሀብት ክፍል የነበራችሁ ሁሉ ትዝታው አለባችሁ። ሠራተኛው በሙሉ ለያዘው መደብ እንደ አዲስ ተወዳድሮ ተደለደለ፤ ድልድሉ ውስጥ ስሙን ያላገኘው «ተንሳፋፊ» ተባለ። ተንሳፋፊ ተብለው ወንበር ሳይኖራቸው በየኮሪደሩ የሚቆሙ፣ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ያደረሱ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ሥራቸውን ከማንም አሳምረው የሚያውቁ፣ ነገር ግን በዚያን ጊዜ በወጣው ቅጽ ላይ የሚጠየቀውን ወረቀት ያልያዙ ነበሩ። ለውጡ ራሱ መጥፎ ነበር አልልም፤ ብዙ የተንዛዛ አሠራር አሳጥሯል። የተጎዱት ግን መመሪያው ሲጻፍ ስለ እነርሱ የተጻፈ አንድ መስመር ስላልነበረ ነው። የቋንቋው ጉዳይ በዚያው መንገድ እንዳይሄድ ነው የዛሬው ልመናዬ።

በዚህ ረገድ የካናዳን አሠራር ማየት ይጠቅማል። ካናዳ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 የይፋ ቋንቋዎች ሕግ አውጥታ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ በፌዴራል መንግሥቱ እኩል ቦታ እንዲኖራቸው አድርጋለች። ሁለት ቋንቋ በሚጠይቁ መደቦች ላይ ሠራተኛው በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር ተፈትኖ ደረጃ ይሰጠዋል። ቋንቋ የሚጠየቀው ከሰውየው ሳይሆን ከመደቡ ነው፤ ሁሉም መደብ ሁለት ቋንቋ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀውም እኩል ደረጃ አይጠይቅም። የመደቡ መስፈርት ከፍ ቢል ቀድሞ መደቡን የያዘው ሰው ከወንበሩ አይነሳም፤ መስፈርቱ የሚጸናው በሚቀጥለው ሰው ላይ ነው። ከዚህም ሌላ ሁለት ነገር አድርገዋል። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966፣ መንግሥት ይህን ፖሊሲ ይፋ ባደረገበት ወቅት፣ አሥር ዓመት ያለማቋረጥ ያገለገሉ ሠራተኞች ከመስፈርቱ ውጭ እንዲሆኑ ተደርጓል። እንዲሁም በሁለት ዓመት ውስጥ ሙሉ የጡረታ አበል የማግኘት መብት የሚደርስለት ሰው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንደሚወጣ የማይሻር የጽሑፍ ግዴታ ከገባ፣ ያለ ቋንቋ መስፈርት ሊመደብ የሚችልበት ድንጋጌ አለ። እነርሱ ጋር ቋንቋ ትልቅ የፖለቲካ ጥያቄ ሆኖ ሳለ፣ የጡረታ ዋዜማን በሕግ ዓይን ለይተው አይተውታል። እኛም ከዚህ ያነሰ ልናደርግ አይገባም።

ከካናዳ የምወስደው ሌላ ነገርም አለ። ሁለት ቋንቋ በሚጠይቅ መደብ ላይ ሆኖ መስፈርቱን የሚያሟላ ሠራተኛ በዓመት 800 የካናዳ ዶላር ማበረታቻ ያገኛል፤ ይህ ገንዘብ ለጡረታ ስሌት እንደ ደመወዝ ይቆጠራል። በሌላ በኩል ያው 800 ዶላር ለአሥርት ዓመታት ሳይጨመር በመቆየቱ በኑሮ ውድነት ተበልቶ ዋጋው አንሷል። ከሁለቱም የምንማረው አለ። በእኛ ሕግ ለጡረታ የሚታሰበው መደበኛው የወር ደመወዝ ነው፤ የቤት፣ የትራንስፖርት፣ የኃላፊነት አበል የሚባሉት ሁሉ በአማካዩ ውስጥ አይገቡም። እንግዲህ ነገ «የቋንቋ አበል» ተብሎ ጥቂት መቶ ብር ቢመደብ፣ ሠራተኛው ባገለገለበት ጊዜ ይበላዋል እንጂ በጡረታው ላይ አንድ ሳንቲም አይጨምርለትም። በአበል ፋንታ በደመወዝ እርከን ቢሰጠው ግን ጥቅሙ ሁለት ነው፤ ደመወዙ ሲሻሻል አብሮ ያድጋል፣ ጡረታ ሲወጣም አብሮት ይሄዳል። የበጀት ክፍል ሰዎች አበል መስጠትን ለምን እንደሚመርጡ አውቃለሁ፤ ለማንሳትም ለመቀነስም ይቀላል፣ የ11 በመቶውንም መዋጮ አይጨምርም። ለሠራተኛው ግን ትልቅ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በር ላይ ወደቆሙት ጥበቃ ልመለስ። እርሳቸው በዝቅተኛው የደመወዝ ደረጃ ላይ ናቸው፤ አበላቸውም የዚያኑ ያህል ትንሽ ይሆናል። መንግሥት የቋንቋ ፈተና ካመጣ፣ ከሁሉ በፊት እርሳቸውንና እንደ እርሳቸው ያሉትን የጽዳት፣ የመዝገብ ቤትና የተላላኪ ሠራተኞች ይፈትን። ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከቃሉ ገጠር የመጡ፣ ሁለት ቋንቋ እንደ ውኃ የሚፈስላቸው ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ ሞልተዋል። ችሎታቸው በወረቀት ቢረጋገጥላቸው፣ እርከን ቢጨመርላቸውና የትርጉም ሥራው በሥራ ዝርዝራቸው ላይ ቢጻፍ፣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሰው ሳይቀጥር ነገ ጠዋት አገልግሎቱ ይሻሻላል። ፈተና ሲባል ሁልጊዜ የሚወድቅ ሰው የምንፈልግበት አድርገን ማሰባችን ያሳዝነኛል፤ ፈተና ያለንን ሀብት የምናይበትም ይሆናል።

ስለ ፈተናው ዓይነት አንድ ነገር ልጨምር። የካርድ ክፍል ሠራተኛ በአፋን ኦሮሞ የሚያስፈልጋት ስም፣ ዕድሜ፣ ሕመም፣ ቀጠሮና ክፍያ ጠይቃ መረዳት ነው፤ ድርሰት መጻፍ አይደለም። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሚያስፈልገው ከዚህ ይለያል፣ የግብርና ባለሙያ የሚያስፈልገውም ይለያል። ለሁሉም አንድ ዓይነት የሰዋስው ጥያቄ ታትሞ ከመጣ፣ ከገበሬው ጋር ቀኑን ሙሉ ሲያወራ የሚውለው ወድቆ፣ በትምህርት ቤት ሰዋስው የሸመደደው ሊያልፍ ይችላል። ይህ በአማርኛም በኩል ይሠራል። አፍ መፍቻው አፋን ኦሮሞ ወይም አፋርኛ የሆነ፣ በአማርኛ ሕዝብን በሚገባ የሚያገለግል፣ ደብዳቤ ሲጽፍ ግን ፊደል የሚሳሳት ሠራተኛ አለን፤ ለአማርኛ ተናጋሪው የምለምነው ጥበቃ ለእርሱም እኩል ይገባዋል። ትምህርቱም በመሥሪያ ቤቱ ወጪ፣ ከሥራ ሰዓት ላይ ተቀንሶ መሰጠት አለበት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም እዚሁ ነው፤ ለሥራ የሚበቃ የንግግር ትምህርት ማዘጋጀት ከአቅማቸው በላይ አይመስለኝም። ሁለት ዓመት ሳያስተምሩ መፈተን ግን ፍርድ እንጂ ምዘና አይባልም።

የሰነዱም ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባበት ወቅት ብዙ መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸውን አጥተዋል። የሠራተኛ የግል ማኅደር ማለት በቅጥር ቀን በእስክሪፕቶ የተሞላው የሕይወት ታሪክ ፎርም፣ ዳርና ዳሩ የተበላ የቅጥር ደብዳቤ፣ እያንዳንዱ የደረጃ እድገትና የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ ማለት ነው። ጡረታ የሚሰላው ከዚያ ላይ ነው፤ ዕድሜም የሚታየው በመጀመሪያ ሲቀጠር ካስመዘገበው ነው። ማኅደሩ የጠፋበት ሰው አገልግሎቱን በምስክርና በደመወዝ መክፈያ ሊስት ለማረጋገጥ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ አይተናል። አሁን በዚያ ላይ የቋንቋ ምስክር ወረቀት ቢጨመርና ያ ወረቀት የማኅደሩ አካል ቢሆን፣ ቅጂው በሠራተኛው እጅ፣ በመሥሪያ ቤቱና ጡረታን በሚያስተዳድረው የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ዘንድ እንዲቀመጥ ከመጀመሪያው መወሰን አለበት።

መመሪያ ለሚያረቁት ሰዎች፣ በዞንም በክልልም በፌዴራልም ላሉት፣ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የቋንቋ መስፈርቱ በአዲስ ቅጥር፣ በዝውውርና በደረጃ እድገት ላይ ይጽና፤ መደቡን ቀድሞ የያዘ ሰው በመስፈርቱ ምክንያት ደመወዙ እንዳይቀነስ በግልጽ ይጻፍ። ከ55 ዓመት በላይ የሆነ ሠራተኛ ፈተናውን በፈቃዱ ካልወሰደ በቀር አይገደድ። ይህን ዕድሜ የመረጥሁት በግምት አይደለም፤ ሕጉ ራሱ በፈቃድ ጡረታ ለሚወጡ የሰጠው መስመር እርሱ ስለሆነና የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ሙሉ በሙሉ ስለሚሸፍን ነው። በፈቃዱ ልውጣ የሚል ሠራተኛም ከመፈረሙ በፊት፣ አሁን ቢወጣና እስከ 60 ቢቆይ የሚያገኘው አበል ጎን ለጎን ተሰልቶ በጽሑፍ ይሰጠው፤ የሰው ሀብት ክፍሉም በስሌቱ ላይ ይፈርምበት። እነዚህ ነገሮች ከመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ይግቡ፤ በኋላ የሚወጣ ማሻሻያ አስቀድሞ በዝቅተኛ ደመወዝ ጡረታ ለወጣው ሰው አበሉን አይመልስለትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ባለጡረታ የሰው ሀብት ባለሙያ
ደሴ